መዶሻ አልባሿ

የቪየና ፒያኖ ሠሪዎች ሁሉም የሚያውቁት፣ አንዳቸውም የማይናገሩት አንድ ውሸት ነበራቸው። የማኅበራቸው ሕግ፣ አለቃ ተብሎ በስሙ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አንድ ፒያኖ ከእግሩ እስከ ክዳኑ በገዛ እጁ ሠርቶ ያሳይ፣ የሌላ ሰው እጅ አይንካበት ይላል። ሲሰሙት የሚያምር ሕግ ነው። ግን በየሥራ ቤቱ ጓዳ ገብቶ ላየ፣ የመዶሻዎቹን ራስ ቆዳ የሚያለብሱት ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ነበሩ። የወንዶቹን እጅ መጋዝና መላጊያ አደንድኖታል፤ ቆዳውን ሲስቡት ወይ ይቀድዱታል ወይ ያላሉታል። እናም በማኅበሩ ገበታ ዙሪያ ደረቱን ነፍቶ የሚቀመጠው አለቃ ሁሉ ማዕረጉን ያገኘው በእናቱ ወይም በእጮኛው ጣት ነበር። ይህን ፊት ለፊት የሚነግራቸው ሰው ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልተገኘም።

የቆዳው ነገር ደግሞ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ቁልፉን በጣት ሲጫኑት፣ ውስጥ ያለች ከአውራ ጣት የማትበልጥ የእንጨት መዶሻ ብድግ ብላ ሽቦውን ትመታለች። የመዶሻዋ ራስ እርቃኑን ከሆነ ድምፁ የጣሳ ድምፅ ይሆናል። ቆዳው ከበዛበት ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ይታፈናል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ልክ የሚያውቅ እጅ ካለ፣ ያ ቤት ስም ያወጣል። ከሌለ ግን የዋልነቱ እንጨት ቢያብረቀርቅ፣ ናሱ ወርቅ ቢመስል ከንቱ ነው።

በቪደን ሰፈር ያን ልክ የምታውቀው የአለቃ ኪልያን ልጅ አፖሎንያ ነበረች። ቤት ውስጥ ሎኒ ይሏታል። የአጋዘኑን ቆዳ በትንፋሿ ታሞቀዋለች፣ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሌላውን በሁለት ጣቷ ትስበዋለች፣ ከዚያ ሙጫው ሳይደርቅ በመዶሻው ራስ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትጠቀልለዋለች። ወፍራሙን ቆዳ ለወፍራሙ ድምፅ፣ ስሱን ለቀጭኑ። ሌሎቹ ሴቶች ቆዳውን በመለኪያ ያያሉ፤ እሷ በከንፈሯ ነበር የምትለካው።

ይህን ሙያ ያስተማራት አባቷ ነው። ሲያስተምራት ቆዳው በላላ ቁጥር ጣቶቿን በመስመሪያ ይመታት ነበር። ዛሬ የገዛ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባ እንኳ ሳያፈስ አይጠጣም። ከሎኒና ከሥራ ቤቱ ሠራተኛ ከሎሬንዝ በቀር ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ደንበኛ ሲመጣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ሰዎቹም ኩራት ይመስላቸዋል። ሎኒን ሊያገባ ለጠየቀው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር።

«የራሴን እጅ ቆርጬ ለማን ልዳር?» ይላል። ሰዎቹ ልጁን በጣም የሚወድ አባት ነው እያሉ ይሄዳሉ። እሷ ግን አባቷ የሚናገረው የምሩን መሆኑን ታውቃለች።

ከዚያ ጓዳ ሊያወጣት ቃል የገባላት ሎሬንዝ ነበር። ሎሬንዝ ከዛልትስቡርግ ተራሮች የመጣ፣ በአባቷ ሥራ ቤት ዘመኑን የፈጀ ሠራተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር እንጨት ለሱ ይታዘዛል። ለአለቅነት ፈተናው የሠራውን ትልቁን ፒያኖ፣ እነሱ ከቅርጹ የተነሣ ክንፍ የሚሉትን፣ ያየ ሰው እጁን ሳያሳርፍበት አያልፍም። ጎኑ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ መገጣጠሚያ በጥፍር ቢፈለግ አይገኝም። የዋልነቱን ልባስ ከአንድ ግንድ ሰንጥቆ፣ የቀኙ የእንጨት መስመር ከግራው ጋር ፊት ለፊት እንዲተያይ አድርጎ ለጥፎታል። ከሽቦዎቹ ሥር የሚዘረጋውን የድምፅ ሰሌዳ ደግሞ ፀሐይ በማይጎበኘው የተራራ ጎን ቀስ ብሎ ካደገ ጥድ ነው ያወጣው፤ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ፣ እያዳመጠ፣ ዳርና ዳሩን እያሳሳ። ያኔ የቱርክ ከበሮ የሚመታ መርገጫ ፒያኖ ላይ መግጠም ፋሽን ነበር። ሎሬንዝን ለምን እንዳልገጠመ ሲጠይቁት፣ «የሠራሁት ፒያኖ ነው፣ የሠርግ ቤት መሰላችሁ እንዴ?» ብሎ መለሰ።

መዶሻዎቹ ላይ ሲደርስ ግን መዳፉ ያልበዋል። ላቡ ቆዳውን ያሳብጠዋል። ደጋግሞ ሞክሮ፣ ደጋግሞ ቀዶ፣ በመጨረሻ ቆዳውን ጠቅልሎ ጓዳ ገባና ሎኒ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሎኒዬ፣ አንቺ ካልደረስሽልኝ ሞቻለሁ።»

«ሕጉስ?»

«የትኛው አለቃ ነው በገዛ እጁ ያለበሰ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!»

ሳቀች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቃ የሆንኩ ዕለት ከዚህ ጓዳ ትወጫለሽ። የራሳችን ቤት፣ የራሳችን ምድጃ። አባትሽ የራሱን ቆዳ ራሱ ይሳብ።»

ይህን የሰማች ልጅ ምን ታድርግ? አባቷ ከቤት በወጣ ቁጥር፣ ሎሬንዝ ደጅ ደጁን እያየ፣ የመዶሻዎቹን ራስ አንድ በአንድ አለበሰች። በሕይወቷ እንደዚያ አሳምራ አልሠራችም። የምታለብሰው የገዛ ትዳሯን ነበርና።

የፈተናው ቀን ፒያኖው ወደ ማኅበሩ ቤት ተወሰደ። በማኅበሩ ቤት ሴቶች ቆመው ያሳልፋሉ እንጂ አይቀመጡም። ያን ቀን ግን አለቃ ኪልያን ከጎኑ ወንበር ስቦ፣ «ልጄ ዛሬ ትቀመጥ፤ የቤታችን ክብር ነው» አለ። አንዳንዱ ፊቱን አጨማደደ፣ ማንም ግን አልተቃወመም። ሎኒ በአባቷ ደግነት ተገረመች። ምናልባት ሊድራት ወስኖ ይሆናል ብላ ጉንጯ ቀላ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታየው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አለቆቹ ፒያኖውን እንደ በሬ ገዢ ዞሩት። ከሁሉም ያረጀው አለቃ ግሬጎር ከሥሩ ተንበርክኮ የሰሌዳውን ደጋፊ ዘንጎች ዳበሰ፤ ወፍራሙ አለቃ ፍሎርያን መጋጠሚያ ፍለጋ ጥፍሩን ሰበረና ተራገመ። ከዚያ ግሬጎር ተቀምጦ ከወፍራሙ ድምፅ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ድረስ ቁልፎቹን በዝግታ ነካ። ድምፁ ከታች እስከ ላይ ሲወጣ ስንጥቅ አልነበረበትም።

«እንጨቱ ጥሩ ነው» አለ ሽማግሌው ቀና ብሎ። «መዶሻዎቹ ግን… መዶሻዎቹ ሌላ ናቸው። ይህን ቆዳ ማን አስተማረህ፣ ልጄ?»

«አለቃዬ ናቸው ያስተማሩኝ» አለ ሎሬንዝ፣ ዐይኑን ሳያሽ።

አለቃ ኪልያን በተራው ቀርቦ አንድ ቁልፍ ብቻ ነካ። ጣቱን ሳያነሣ ዞሮ ልጁን አያት። አወቀ! እሱ ግን ፈገግ አለና፣ «ደግ ሥራ ነው» ብሎ ቦታው ተመለሰ። ሎኒ እፎይ አለች፤ አባቷን እስከዚያች ሰዓት ድረስ በከንቱ የጠላችው መሰላት።

ገበታው ቀረበ። የጥጃ ጥብስ፣ ጎመን፣ ጥቁር ዳቦ፣ የዚያ ዓመት ወይን። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት እንደ ወጉ አለቃ ግሬጎር ተነሥቶ፣ «ሥራው አልፏል። አሁን ንገረን፣ ሎሬንዝ፤ የምትሠራው በማን ቤት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ሥርዓት ብቻ አልነበረም። በከተማው የሥራ ቤቶች ቁጥር የተዘጋ ነበር፤ አዲስ አለቃ ወይ የአማቱን ቤት ይወርሳል፣ ወይ ባሏ የሞተባትን አግብቶ ቤቷን ይይዛል። ሎኒ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አጣምራ ጠበቀች።

«በወይዘሮ ኡርሱላ ቤት» አለ ሎሬንዝ። «ፋሲካ ሲያልፍ እንጋባለን።»

ከገበታው ማዶ፣ ባላቸው የሞተባቸው የሥራ ቤት ባለቤቶች እንደ እንግዳ በሚቀመጡበት ጥግ፣ ጥቁር የለበሱ ወፍራም ሴትዮ ጽዋቸውን ከፍ አደረጉ። ባላቸው ካለፉ ዓመት አልሞላም። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ አለቃ ፍሎርያን፣ «አልጋውም ሥራ ቤቱም ሳይቀዘቅዝ!» ብሎ ሳቀ።

ሎኒ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ሎሬንዝን አየችው። ሎሬንዝ ዳቦውን እያየ ነበር። ቀጥሎ አባቷን አየች፤ እሱ ግን ያለምንም መገረም ወይኑን ይጠጣል፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይንቀጠቀጥበት።

«አባባ» አለች በሹክሹክታ፣ «ታውቅ ነበር?»

«ወይዘሮ ኡርሱላን ያነጋገርኩለት እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ለአንቺ ብሎ ሥራ ቤቴን ይጠብቃል ብለሽ ነበር? እኔ ገና አልሞትኩም። የሚበላ ዳቦ እያለ ላም አለኝ በሰማይ የሚል ወንድ አላየሁም።»

እንባ መጣባት፣ ግን አልወረደም። የማኅበሩን ወግ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዳቦው ሳይቆረስ፣ በገበታው የተቀመጠ ማንም ሰው ተፈታኙን አንድ ነገር በዐይናችን ሥር ድገም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተጠይቆ ደግሞ እምቢ ማለት የለም። ለአንድ ትውልድ ያህል ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቅ ሰው ነገ የራሱም ጓዳ ይጠየቃልና።

ተነሣች።

«አንድ መዶሻ ያልብስ» አለች። «እዚሁ። እኛ እያየን።»

በግድግዳው ሥር የቆሙት ሚስቶች እንስራ የተሰበረባቸው ያህል ደነገጡ።

«ሎኒ፣ ተቀመጪ» አለ ሎሬንዝ፣ ከንፈሩ ነጥቶ። ከዚያ ወደ አለቆቹ ዞረ። «ቅናት ነው፣ ጌቶቼ። እኔ ምንም ቃል አልገባሁላትም። ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብላ በሕልሟ ያገባችኝ እንደሆነ እንጃ።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ነገሩን የጨረሰው ያ ሳቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢለምናት፣ በዐይኑ እንኳ ማሪኝ ቢላት፣ ምናልባት ትቀመጥ ነበር።

«ሕልም ከሆነ መዶሻውን አልብሶ ይፍታው» አለች። «ቆዳ ይምጣ።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ» አለ አለቃ ፍሎርያን፣ ሳቁ ጠፍቶ። ሽማግሌው ግሬጎርን አየ፣ ግሬጎርም እሱን አየ። ሁለቱም የማንን ጣት እያሰቡ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጥያቄው ይቅር ቢሉ ለምን ፈሩ ይባላል። ስለዚህ ግሬጎር አገጩን ዳብሶ፣ «የተጠየቀ ተጠይቋል። ሙጫ አሙቁ» አለ።

ከፒያኖው ውስጥ አንድ መዶሻ አወጡና ቆዳውን ገፈው ሰጡት። ሎሬንዝ ኮቱን አወለቀ። መዳፉን በሱሪው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። የመጀመሪያው ቆዳ ሲስበው ተቀደደ። ሁለተኛውን በላቡ አረጠበው፤ ሙጫው እንቢ ብሎ ተንሸራተተ። ሎኒ ቆማ ታየው ነበር። ስንቴ እነዚያን እጆች በእጇ ይዛ አድርቃቸው ነበር! አሁን ባላባቸው ቁጥር ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አላፈረችም።

በመጨረሻ እንደምንም ለጠፈውና መዶሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። ግሬጎር ቁልፎቹን በተራ ነካ። ድምፁ እንደ ቅድሙ እያማረ መጣ መጣና፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ ጧ አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ እያማረ ሄደ። መስማት የተሳነው ሰው ካልሆነ በቀር ያላወቀ አልነበረም።

ፍርዱ ፈጥኖ መጣ፤ ያን ያህል የፈጠነው አለቆቹ ገበታው ሌላ ጥያቄ እንዳያመጣ ስለፈሩ ነው። የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ፣ የሁሉንም ኃጢአት አንድ ሰው ላይ ጫኑት። የሰውን እጅ ሰርቆ ማኅበሩን ያታለለ ተባለ። አለቃ ፍሎርያንማ፣ እናቱ ያለበሰችለትን መዶሻ ይዞ አለቃ የሆነው ፍሎርያን፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ወንበዴ!» ብሎ ጮኸ። ሎሬንዝ ለአለቅነት ዳግመኛ እንዳይቀርብ፣ ሌላ ቤት እንዳይቀጥረው፣ ወዳቀረበው አለቃ ቤት ተመልሶ እንዲሠራ ተወሰነ። ፒያኖውም እንደ ወጉ ለተሠራበት ቤት ይሁን አሉ።

ወይዘሮ ኡርሱላ ሻላቸውን አነሡ። ሎሬንዝ እጃቸውን ሊይዝ ሲጠጋ፣ «ተወኝ እባክህ» አሉት። «እኔ የፈለግኩት አለቃ ነው። ባልማ አንዱን ቀብሬያለሁ።»

ሎኒ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። የአለቃ ፍሎርያን ሚስት የሎኒን ሳህን ልታነሣ መጣችና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «እኛ ዕድሜ ልካችንን አልብሰን ዝም ያልነው አፍ ስለሌለን መሰለሽ? ከእንግዲህ ልጇን የምትሰጥሽ እናት ካገኘሽ፣ መጥተሽ ምቺኝ» አለቻት። ሌሎቹም ሴቶች እሷ ባለፈችበት ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

በማግስቱ ፒያኖው ወደ አለቃ ኪልያን ሥራ ቤት ተመለሰ። ከቁልፎቹ በላይ የሎሬንዝ ስም የተጻፈበት የሸክላ ሰሌዳ ነበር። አለቃ ኪልያን ሎሬንዝን ራሱን እንዲነቅለው አዘዘውና፣ በቦታው የራሱን ስም አስለጠፈው። ያ ፒያኖ ዛሬም ድረስ በዚያው ስም ይታወቃል፤ የሚያዩት ሁሉ «ኪልያን የሚባል ምን ዓይነት ባለሙያ ነበር!» ይላሉ።

ሎኒ በጓዳው በር ቆማ ይህን ሁሉ አየች። የፈረደችው በሎሬንዝ ላይ ነበር፤ ግን ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው አንድ አባቷ ብቻ ነው። ያኔ ነው የገባት።

«ለዚህ ነው ያስቀመጥከኝ» አለችው።

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?» አለ አለቃ ኪልያን፣ አዲሱን የስም ሰሌዳ በእጅጌው እየወለወለ። «እጅሽ እንዳለበት አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር፤ አንድ ቁልፍ ስነካ አረጋገጥኩ፤ እኔ ያስተማርኩት እጅ ይጠፋኛል? ዝም ብትዪ፣ እሱ ይሄድ ነበር፣ አንቺ ትቀሪልኝ ነበር። ተናገርሽ፤ ሁላችሁም ቀራችሁልኝ። ክንፉም ተጨመረበት።»

«ልጅህ ነኝ እኮ፣ አባባ።»

«እጄ ነሽ» አለ። «እጅ ደግሞ አኩርፎ የትም አይሄድም። አሁን ያችን የተበላሸች መዶሻ አስተካክይ፤ ገዢው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሎሬንዝ ቆዳ ይቆርጥልሻል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ያ ነው።»

ሎኒና ሎሬንዝ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ምድጃ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሎኒ መዶሻዋን ልታበላሻት ነበር ያሰበችው። ቆዳውን አጣምማ ልትስበው፣ ፒያኖው በገዢው ፊት ጧ እንዲል፣ አባቷም እንዲዋረድ። ትንፋሿን ሰጠችው፣ በጥርሷ ያዘችው፤ ጣቶቿ ግን የሚያውቁት አንድ ልክ ብቻ ነበርና ሳትፈልግ ልኩ ላይ ሳቡት። ሙጫው ሲይዝ አየችውና ራሷን ጠላች። አባቷ መዶሻዋን ወስዶ ከተተ፣ ከታች እስከ ላይ ቁልፎቹን ነካ። የትኛዋ እንደ ነበረች መለየት አይቻልም። እያፏጨ ወጣ።

ሎሬንዝ የሚቀጥለውን ቆዳ እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል፣ «እጅሽ ይቆረጥ» አላት።

«አሜን» አለች ሎኒ፤ የቆረጠውንም ቆዳ ተቀበለችው።